የዓይን ብሌን ስጦታ በወረርሽኝ ዘመን

አማርኛ ተናጋሪ ሰው አንድን ነገር ከሁሉ አብልጦ እንደሚወድ ሲገልጽ «እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» ይላል። እናት ስለ ልጇ፣ ባለ አደራ ስለ አደራው፣ ሽማግሌ ስለ ክብሩ ሲናገር ይህንኑ አነጋገር ይጠቀማል። ለአነጋገሩ መነሻ የሆነው ብሌን በቀላሉ የሚጎዳ፣ ከተጎዳም በምንም ነገር የማይተካ ሆኖ መኖሩ ነው። ሆኖም ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ የሕክምና ጥበብ «የማይተካ» የሚለውን ቃል አሻሽሎታል። ዛሬ የአንድ ሰው ብሌን ቢጎዳ፣ ሌላ ሰው ከሞተ በኋላ እንዲሰጥ በፈቀደው ብሌን ሊተካ ይችላል። ሰው በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ሲጠብቀው የኖረውን ብሌን፣ ሲሞት ለማያውቀው ሰው ሊያወርሰው ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ምንባብ ውስጥ የአካልና የኅብረ ሕዋስ ልገሳ ምን እንደ ሆነ፣ ሥራው በሆስፒታልና በሆስፒስ እንዴት እንደሚከናወን፣ በ2020 ዓለምን ያዳረሰው የኮቪድ-19 ወረርሽኝም ይህን ሥራ እንዴት እንዳወከውና ምን ትምህርት እንደ ሰጠ እንመለከታለን። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ልገሳና ንቅለ ተከላ

መለገስ ማለት ዋጋ ሳይቀበሉ በፈቃድ መስጠት ማለት ነው። በሕክምና ረገድ ልገሳ የሚባለው አንድ ሰው በሕይወት ሳለ ወይም ከሞተ በኋላ ከሰውነቱ የተወሰነ ክፍል ተወስዶ ለታመመ ሰው እንዲሰጥ መፍቀዱ ነው። ሰጪው ለጋሽ፣ ስጦታውን የሚያገኘው ሕመምተኛ ደግሞ ተቀባይ ይባላል። የተለገሰውን ክፍል በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ የማኖሩ ቀዶ ሕክምና ንቅለ ተከላ ተብሏል። ስያሜው ከእርሻ ሥራ የተወሰደ መሆኑን ልብ ይሏል። ገበሬ ችግኝን ካፈላበት መደብ ነቅሎ በሌላ መሬት ላይ ይተክላል፤ ችግኙ የሚጸድቀው ግን ሥሩ ሳይደርቅ በጊዜው ከተተከለና አዲሱ መሬት ከተስማማው ነው። የሰውም አካል እንዲሁ ነው፤ ጊዜና መስማማት ይፈልጋል።

የሚለገሱት የሰውነት ክፍሎች በሁለት ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበትና ሳንባ ያሉት አካላት ናቸው። እነዚህ ደም ካልደረሳቸው ፈጥነው ይበላሻሉ። ልብ ከለጋሹ ከወጣ በኋላ በቅዝቃዜ ተጠብቆም ቢሆን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መተከል ይኖርበታል። ኩላሊት ግን አንድ ቀን ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ትንሽ አልፎ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከሟች ላይ አካል መውሰድ የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው በሆስፒታል፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ሲረዳ ቆይቶ የሞተ እንደ ሆነ ነው።

ሁለተኛዎቹ ኅብረ ሕዋሳት ናቸው። ኅብረ ሕዋስ ማለት አንድ ዓይነት ሥራ ለመሥራት የተያያዙ ሕዋሳት ስብስብ ነው። የዓይን ብሌን፣ ቆዳና አጥንት ከዚህ ወገን ይቆጠራሉ። እነዚህ ልብ ከቆመ ከሰዓታት በኋላ ሊወሰዱ ስለሚችሉ፣ ለጋሹ በቤቱም ሆነ በሆስፒስ ወይም በተራ የሆስፒታል ክፍል ቢሞት ልገሳው ሊፈጸም ይችላል። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ለምንመለከተው ጉዳይ ዋና ቁልፍ ስለ ሆነ በሚገባ መታወስ አለበት።

በልማድ ብሌን የምንለው በዓይን መካከል የሚታየውን ጥቁር ክብ ነው። የሕክምና ባለሙያዎች ስለ ብሌን ልገሳ ሲናገሩ ግን የሚያመለክቱት ኮርኒያ የተባለውን፣ ዓይንን ከፊት የሚሸፍነውን ንጹሕና ስስ ክፍል ነው። የኮርኒያ ውፍረት ከመካከሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ የጎን ስፋቱም 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንደ መስኮት መስታወት ብርሃንን ወደ ውስጥ ያስገባል። መስታወቱ ሲደፈርስ ቤቱ እንደሚጨልም ሁሉ፣ ኮርኒያም በጠባሳ ሲሸፈን፣ የቀረው የዓይን ክፍል ደኅና ቢሆንም እንኳ ሰውየው ማየት ይሳነዋል። በአገራችን ለዚህ ጉዳት ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ ትራኮማ ነው። ትራኮማ በተደጋጋሚ ሲይዝ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለብሰውና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያቆስለዋል። እሾህ፣ የእንጨት ስንጣሪ፣ ኖራና ሌሎችም ነገሮች እንዲሁ ብሌንን ሊያጠፉ ይችላሉ።

ኮርኒያ ሌላም ልዩ ጠባይ አለው፤ ይኸውም የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚዋጋው በአብዛኛው በደም ውስጥ በሚዘዋወሩ የመከላከያ ሕዋሳት አማካይነት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ኮርኒያን በቀላሉ ስለማያገኙት፣ የተተከለ ብሌን እንደ ተተከለ ኩላሊት በብርቱ አይጠላም። ኩላሊት የተተከለለት ሰው የመከላከያ ኃይሉን የሚያደክም መድኃኒት ኩላሊቱ እስካገለገለው ድረስ ሲወስድ ይኖራል፤ ብሌን የተተከለለት ግን ብዙውን ጊዜ በዓይን ጠብታ ይረዳል።

2. የጥበቡ አመጣጥ

ይህ ጥበብ በአንድ ጀምበር አልተገኘም። ዲሴምበር 7 ቀን 1905 ዶክተር ኤድዋርድ ዚርም የተባሉ ሐኪም፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ በምትገኘው በኦሎሙትስ ከተማ፣ ኖራ ዓይኖቹን ላቃጠለው አንድ ሠራተኛ ብሌን ተከሉለት። ብሌኑ የተገኘው በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ዓይኑ መውጣት ከነበረበት ልጅ ነበር። ከተተከሉት ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ሁለተኛው ጸደቀና ሠራተኛው ወደ ሥራው ለመመለስ በቃ። ኋላም በ1930ዎቹ ቭላዲሚር ፊላቶቭ በኦዴሳ ከተማ ከሟቾች የተወሰደ ብሌን በሥራ ላይ ሊውል እንደሚችል በሰፊው አሳዩ። በ1944 ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ የዓይን ባንክ ተቋቋመ። የዓይን ባንክ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሳይሆን የተለገሱ ብሌኖች ተመርምረው፣ ተጠብቀውና ተመዝግበው ለሐኪሞች የሚታደሉበት ድርጅት ነው።

የአካል ንቅለ ተከላ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በዲሴምበር 1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በቦስተን ከተማ ከአንድ መንታ ለወንድሙ ኩላሊት ተከሉ፤ መንታዎቹ ፍጹም ተመሳሳይ ስለ ነበሩ ኩላሊቱ አልተጠላም። በዲሴምበር 1967 ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕ ታውን የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረጉ። ተቀባዩ የኖረው 18 ቀን ብቻ ቢሆንም ሥራው የሚቻል መሆኑ ታወቀ። በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ የተተከለው አካል የመቆየት ዕድሉ እጅግ ከፍ አለ።

3. ሆስፒስና ያልተጠየቀው ጥያቄ

ሆስፒስ የሚባለው የመዳን ተስፋቸው ያለቀ ሕመምተኞች ስቃያቸው ታግሦላቸው፣ ክብራቸው ተጠብቆላቸው የቀራቸውን ዕድሜ እንዲያሳልፉ የሚረዱበት የእንክብካቤ ተቋም ነው። የዘመናዊው ሆስፒስ መሥራች ተደርገው የሚቆጠሩት እንግሊዛዊቱ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ ሲሆኑ፣ በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፍተዋል። በአዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት ወደ ሕመምተኞች ቤት በመሄድ ጭምር እንዲህ ያለውን አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል።

በሆስፒስ ከሚረዱት ሰዎች ብዙዎቹ የካንሰር ሕመምተኞች ናቸው። ካንሰር ያለበት ሰው ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን እንዲለግስ በአብዛኛው አይፈቀድለትም፤ በሽታው ከአካሉ ጋር ወደ ተቀባዩ ሊተላለፍ ይችላልና። የዓይን ብሌን ግን የደም ሥር ስለሌለው፣ የደም ካንሰር ወይም የዓይን ካንሰር ካልሆነ በቀር፣ አብዛኞቹ የካንሰር ሕመምተኞች ሊለግሱት ይችላሉ። እርጅናም ሆነ መነጽር ማድረግ ብቻውን ከልገሳ አይከለክልም። ስለዚህ «ከእንግዲህ ለማንም አልጠቅምም» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ለሁለት ዕውራን ብርሃን ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሳይነሣ ይቀራል። አስታማሚዎችና ነርሶች «በሞት አፋፍ ያለን ሰው ስለ ዓይኑ መጠየቅ ኀዘን ላይ ኀዘን መጨመር ነው» ብለው ይሸሹታል። ሕመምተኛው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም። ሁለቱም ለደግ አስበው ዝም ሲሉ ስጦታው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

4. ከአንድ አልጋ እስከ ሁለት ዓይኖች

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በእንግሊዝ አገር በሚገኝ አንድ ሆስፒስ ውስጥ ካንሰር የታመሙ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ተኝተዋል እንበል። እኒህ ሽማግሌ ገና ደኅና ሳሉ ለልጃቸው «ስሞት ዓይኖቼ አይቀበሩ፤ ለሚያይባቸው ሰው ይሰጡልኝ» ብለው ነግረዋታል። ነርሷም በጨዋ አነጋገር ጠይቃቸው ፈቃዳቸውን መዝግባለች።

ሽማግሌው ሌሊት ያርፋሉ። ሐኪሙም ሆነ ሌላው ባለሙያ መሞታቸውን ያረጋግጣል። ነርሷ ወደ ኅብረ ሕዋስ ማዕከሉ ስልክ ትደውላለች። የማዕከሉ ባለሙያ ልጅቱን በስልክ አግኝታ የአባቷን የጤና ታሪክ አንድ በአንድ ትጠይቃታለች። ከዚያ በኋላ ሠልጣኝ ባለሙያ መጥቶ፣ ከሞት በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ዓይኖቹን ይወስዳል፤ ፊታቸውም እንደ ነበረ ሆኖ እንዲታይ ያስተካክላል። የሟቹ ደም የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን የመሰሉ ተላላፊ በሽታዎች እንደሌሉበት ይመረመራል። የዓይን ባንኩም ብሌኖቹን በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ሕዋሳቱ ደኅና ከሆኑ ለአራት ሳምንት ያህል በሕይወት በሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ ያኖራቸዋል። በመጨረሻም ሁለት ሐኪሞች ሁለቱን ብሌኖች ለሁለት ሕመምተኞች ይተክሉላቸዋል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የተሳተፉትን ሰዎች እንቁጠር፤ ሟቹ፣ ልጃቸው፣ ነርሷ፣ ሐኪሙ፣ ስልክ ያነጋገረችው ባለሙያ፣ ዓይኑን የወሰደው፣ ደሙን የመረመረው፣ መኪናውን ያሽከረከረው፣ ብሌኑን የጠበቀውና የተከለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ጥንካሬያቸው በኅብረታቸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ግን የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል።

5. ወረርሽኙ ሰንሰለቱን ሲበጥስ

የዓለም የጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በብዙ አገሮች ይህ ሰንሰለት በአምስት ቦታ ላላ ወይም ተበጠሰ።

አንደኛ፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋዎችና የመተንፈሻ መሣሪያዎች በወረርሽኙ በተያዙ ሰዎች ተሞሉ። በአንጎል ጉዳት የሞተን ለጋሽ ጥቂት ሰዓታት ለማቆየት እንኳ ስፍራ ጠፋ። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ አዲስ ስለ ነበረ ከለጋሽ ወደ ተቀባይ መተላለፉንና አለመተላለፉን የሚያውቅ አልነበረም። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ከአፍንጫና ከጉሮሮ በተወሰደ ናሙና ነጻ የተባለ ለጋሽ ሳንባ ቫይረሱን ይዞ በመገኘቱ ተቀባይዋ ሞተች፤ ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉት አንዱም ታመመ። ሦስተኛ፣ ተቀባዮች የመከላከያ ኃይልን የሚያደክም መድኃኒት ስለሚወስዱ በወረርሽኝ መካከል ንቅለ ተከላ ማድረግ ራሱ አደገኛ ሆነ። ደኅና የሆኑ ሰዎችም ኩላሊት ለመለገስ ወደ ሆስፒታል እንዲገቡ ማድረግ በብዙ ቦታ ቆመ። አራተኛ፣ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ሁሉ እንዲዘገይ ተደረገ። ብሌን የሚጠብቅ ሰው በመዘግየቱ አይሞትምና ተራው ከሁሉ ኋላ ሆነ። አምስተኛ፣ ጠያቂ ወደ ሆስፒታልና ወደ ሆስፒስ እንዳይገባ ተከለከለ ወይም ቁጥሩ ተወሰነ።

ጉዳቱ በቁጥርም ታይቷል። በአካል ልገሳ ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ በሆነችው በስፔን ከወረርሽኙ በፊት በቀን በአማካይ 7 ያህል ሟቾች ይለግሱ፣ 16 ያህልም ንቅለ ተከላዎች ይደረጉ ነበር። በማርች 2020 አጋማሽ በነበሩት ቀናት ለጋሾቹ ወደ 1፣ ንቅለ ተከላዎቹም ወደ 2 ወረዱ። በ22 አገሮች ላይ የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ2020 የተደረጉት ንቅለ ተከላዎች ከ2019 ጋር ሲነጻጸሩ በ16 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። የኩላሊት በ19 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ የልብ የቀነሰው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከምን ነው? ልብ የደከመበት ሰው ብዙ ሊጠብቅ አይችልም። ኩላሊቱ የደከመ ግን በእጥበት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞቹ የተዉት መጠበቅ የሚችለውን ነበር። ሆኖም መጠበቅም ዋጋ አለው። ኩላሊቱን የሚያሳጥብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሕክምና ቦታ መመላለስ ስላለበት፣ ሌላው ሰው በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ወቅት እርሱ በሽታው ወደሚገኝበት ስፍራ ይሄድ ነበር። ብሌን የሚጠብቀውም ቢሆን ምንም እንኳ ሕይወቱ ባያልፍ፣ የዘገየበት እያንዳንዱ ወር ከትምህርቱ፣ ከሥራውና ከቤተ ሰቡ ፊት የተቀነሰ የብርሃን ወር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን በቁጥር የማይለካው አምስተኛው ጉዳት ነው። ልገሳ በአልጋ ዳር በሚደረግ ጭውውት ላይ የተመሠረተ ነው። ነርሷ እጅ ይዛ፣ ፊት አይታ፣ ዝምታውን ጠብቃ ነው የምትጠይቀው። በወረርሽኙ ወራት ግን ነርሷ ፊቷ በጭምብል ተሸፍኖ፣ ልጅቱ ከሩቅ ሆና፣ ሕመምተኛውም ብቻውን ተኝቶ ነበር። አባቷን ለመሰናበት ያልታደለች ልጅ፣ ድምፁን እንጂ ፊቱን የማታውቀው ሰው በስልክ «የአባትሽን ዓይን ትሰጫለሽ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት ምን ልትመልስ ትችላለች?

መልሱ እንደ ቀደመው ንግግር ይወሰናል። አባቷ ምንም ሳይነግሯት የሞቱ እንደ ሆነ፣ በኀዘንና በጸጸት መካከል ሆና በሌላ ሰው ፈንታ እንድትወስን ትገደዳለች፤ በዚያን ጊዜ «አይሆንም» ማለት የሚቀል ይመስላታል። አባቷ አስቀድመው ነግረዋት እንደ ሆነ ግን የምትወስነው የራሷን ሐሳብ አይደለም፤ የአባቷን ቃል ታደርሳለች እንጂ። ኑዛዜ አድራሽ ትሆናለች። ለመሰናበት ባትታደል እንኳ ለአባቷ የምታደርግላቸው አንድ ነገር ቀርቶላታል።

6. ከወረርሽኙ የተገኘ ትምህርት

ሐኪሞችና የልገሳ ባለሙያዎች ቀስ በቀስ መላ አበጁ። ለጋሾችን ሁሉ ለቫይረሱ መመርመር፣ ሳንባ ከመወሰዱም በፊት ናሙናውን ከሳንባው ጥልቅ ክፍል መውሰድ ተጀመረ። ከቤተ ሰብ ጋር በስልክና በቪዲዮ መነጋገር ተለመደ። አስቸኳዮቹ በቅድሚያ፣ ሌሎቹ በተራ እንዲታከሙ ዝርዝር ወጣ። የዓለም የጤና ድርጅት የኮቪድን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በሜይ 2023 እስኪያነሣ ድረስ በነበሩት ዓመታት ሥራው በየአገሩ እያንሰራራ ሄደ።

በዚሁ መካከል በእንግሊዝ አዲስ ሕግ ከሜይ 20 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በሕጉ መሠረት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው እምቢተኛነቱን ካላስመዘገበ ወይም በሕጉ ተለይተው ከተጠቀሱት ወገኖች ካልሆነ በቀር ለመለገስ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። ሆኖም ይህ ሕግ እንኳ ቤተ ሰብን ማነጋገርን አላስቀረም፤ ሟቹ ምን ይሉ እንደ ነበር የቅርብ ዘመዶቹ ይጠየቃሉ። ከዚህ የምንረዳው ሕግ በር ሊከፍት ቢችልም በቤት ውስጥ የሚደረገውን ንግግር ሊተካ አለመቻሉን ነው።

7. በአገራችን

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ለቅሶ መድረስ፣ ተቃቅፎ ማልቀስ፣ በድንኳን ተሰብስቦ ማስተዛዘን የተገደበ ሆነ። ስለዚህ በእንግሊዟ ልጅ ምሳሌ ያየነው ብቸኝነት ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ልገሳም በአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ፈቃደኛ የሆነ ሰው በሕይወቱ ሳለ ቃል ይገባል፤ ሲሞትም ቤተ ሰቡ ሳይዘገይ ለባንኩ ያስታውቃል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ደግሞ በሴፕቴምበር 2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። አጀማመሩም በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚለገስ ኩላሊት ነበር። እዚህ ላይ መለገስና መሸጥ ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። በ2008 በኢስታንቡል የተሰበሰቡ የሙያው ሰዎች ያወጡት መግለጫ የአካልን ንግድ አውግዟል፤ በንግዱ የሚጎዳው ሁልጊዜ ድኻው ነውና።

ሰዎች ስለ ብሌን ልገሳ ሲሰሙ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣሉ። «ፈቅጃለሁ ብዬ ብፈርም ሐኪሙ ሕይወቴን ለማትረፍ ቸል አይልምን?» የሚለው አንዱ ነው። ሕይወትን ለማዳን የሚጥረው ሐኪምና ንቅለ ተከላውን የሚያካሂደው ቡድን የተለያዩ እንዲሆኑ ሥርዐቱ ያዛል፤ ብሌንም ቢሆን የሚወሰደው ሞት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። «መልኬ አይበላሽምን? ቀብሬስ አይዘገይምን?» የሚለው ሁለተኛው ነው። ሥራው በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ነው፤ የዓይኑም ቆብ ስለሚከደን የሟቹ ፊት አይለወጥም። «ሃይማኖቴስ ይፈቅዳልን?» የሚለው ሦስተኛው ነው። ለምሳሌ ያህል የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1956 ከሟች ብሌን መለገስን ደግፈው ተናግረዋል፤ በጂዳ የተሰበሰበው የእስላማዊ ሕግ ሊቃውንት ጉባኤም በ1988 በተወሰኑ ሁኔታዎች ልገሳን ፈቅዷል። እያንዳንዱ ሰው ግን የራሱን የሃይማኖት አባት ጠይቆ መረዳት ይችላል። ጠይቆና አስቦ «አልፈልግም» የሚል ሰው ቢኖርም ሊከበርለት ይገባል፤ በግዳጅ የተሰጠ ነገር ስጦታ አይባልምና።

በመጨረሻ፣ ወረርሽኙ ያስተማረው ዋና ነገር ይህ ነው። መሣሪያና አልጋ፣ ሕግና ባንክ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት የሚሠራው በሆስፒታል ውስጥ አይደለም። በቤት ውስጥ፣ በደኅና ቀን፣ ቡና ተፈልቶ ቤተ ሰብ በተሰበሰበበት ጊዜ በሚነገር አንድ ቃል ይሠራል። በሩ በተዘጋበት፣ አልጋው በጠፋበት፣ ዘመድ ከዘመዱ በተለየበት ወቅት እንኳ ያ ቃል አልተበጠሰም። እንደ ዓይን ብሌን የምንጠብቀው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ከእጃችን ይወጣል። ወደ አፈር ይሂድ ወይስ ለሌላ ሰው ብርሃን ይሁን የሚለውን መናገር የሚቻለው ግን አንደበት እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. አካልና ኅብረ ሕዋስ በልገሳ ረገድ ዋና ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ኩላሊቱን መለገስ የማይፈቀድለት የካንሰር ሕመምተኛ ብሌኑን ሊለግስ የሚችለው ለምንድን ነው?
3. በ2020 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከልብ ንቅለ ተከላ ይበልጥ የቀነሰበትን ምክንያት አስረዱ።
4. «ኑዛዜ አድራሽ ትሆናለች» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ከጻፋችሁ በኋላ በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡአቸው።
ለጋሽ፣ ንቅለ ተከላ፣ ጸደቀ፣ በሞት አፋፍ፣ ላላ፣ አንሰራራ

ሐ. «ስለ ሞት በቤት ውስጥ መነጋገር ይገባል ወይስ አይገባም?» በሚል ርእስ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ። ከዚያም የራሳችሁን አስተያየት ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ድርሰት ጻፉ።